ፕሮሰሰሩ ክፍት፣ ቦርዱ ዝግ፦ ለኦቨርክሎክ ርካሽ ማዘርቦርድ ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ የኮምፒውተሩን ፎቶ በውስጥ መስመር ላከልን። ስምንት ወር ሙሉ ቆጥቦ የገጣጠመው ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-9600ኬ፣ ያገለገለ ግን ንጹህ። ማዘርቦርዱ ደግሞ ከነካርቶኑ አዲስ ኤች310። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ባዮስ ውስጥ ገብቼ ፍጥነቱን የምጨምርበትን ቦታ አጣሁት፤ የት ነው ያለው?»

መልሱን ለመጻፍ ከብዶን ነበር። ቦታው የለም። ባዮሱን ቢያድሰውም፣ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ቢያድርም አይመጣም። ክፍት ለሆነ ፕሮሰሰር ተጨማሪ ብር ከፍሎ፣ ከሥሩ የሚቆልፈውን ቦርድ አስቀምጦለታል። ሻጩም አልነገረውም። ሻጩ ራሱ ያውቅ ይሆን? እንጃ።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስህተት ዛሬ «ምንም አይደል፣ ሌላ እገዛለሁ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የብር ዋጋ ግን እዚህ አንጽፍም፤ ዛሬ የጻፍነው ነገ አይሠራም። የምንጽፈው የቱ ቦርድ ብራችሁን እንደሚበላና የቱ እንደማይበላ ነው።

መጀመሪያ፣ ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ማዘርቦርዱ 100 ሜጋኸርዝ የሆነ መነሻ ምት ይሰጣል፤ ፕሮሰሰሩ ያንን በአንድ ቁጥር ያባዛዋል። በ42 ካባዛው 4.2 ጊጋኸርዝ፣ በ45 ካባዛው 4.5 ጊጋኸርዝ ይሆናል። እኛ የምንነካው በአብዛኛው ያችን ማባዣ ነው። ማባዣዋን ለመንካት ግን የሁለት ወገን ፈቃድ ያስፈልጋል፦ የፕሮሰሰሩና የማዘርቦርዱ ቺፕሴት። አንዱ እምቢ ካለ በቃ፣ አለቀ።

ኢንቴል በዚህ ጉዳይ ቆንቋና ነው። የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ «ኬ» ወይም «ኬኤፍ» መኖር አለበት፤ ቦርዱ ደግሞ በ«ዜድ» የሚጀምር መሆን አለበት። ለ8ኛና ለ9ኛ ትውልድ ዜድ370 እና ዜድ390፣ ለ12ኛ፣ ለ13ኛና ለ14ኛ ትውልድ ዜድ690 እና ዜድ790 ናቸው። በ«ቢ» እና በ«ኤች» የሚጀምሩት ቦርዶች ኬ ያለውን ፕሮሰሰር ይቀበሉታል፣ ያስነሱታልም፤ ማባዣዋን ግን አያስነኩም። የልጁን ቦርድ አስታውሱ። ኤች310 ላይ 9600ኬ በደንብ ይሠራል፣ እንደ ተራ ፕሮሰሰር።

ኤኤምዲ ደግሞ ለጋስ ነው። ራይዘን ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም ክፍት ናቸው (ከጥቂቶቹ አንዱ 5800ኤክስ3ዲ ነው)። ቦርድም ሲሆን ውዱን ክፍል ግዙ አይላችሁም፤ መካከለኛው ይበቃል። በኤኤም4 ሶኬት ቢ350፣ ቢ450 እና ቢ550፣ በአዲሱ ኤኤም5 ደግሞ ቢ650 እና ቢ850 ይፈቅዳሉ። በ«ኤ» የሚጀምሩት ግን ይከለክላሉ፦ ኤ320፣ ኤ520፣ ኤ620። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፤ ሱቅ ውስጥ ኤ520 እና ቢ550 ጎን ለጎን ሲቀመጡ መልካቸው አንድ ነው፣ የዋጋ ልዩነታቸውም አንዳንዴ ትንሽ ነው። ልዩነቱ ያለው አንዲት ፊደል ላይ ነው።

ለዚህ ነው ርካሽ ኦቨርክሎክ ለሚፈልግ ሰው ዛሬም ኤኤም4 የምንለው። ሶኬቱ ያረጀ ነው፣ እውነት ነው። ግን ያገለገለ ዕቃው ገበያ ላይ አለ፤ ዲዲአር4 ራሙም በየቦታው ይገኛል።

ሁለት ወጥመዶችን ቶሎ እንለፋቸው። ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚመጡት የዴልና የኤችፒ የቢሮ ዴስክቶፖች ለኦቨርክሎክ አይሆኑም። ውስጣቸው አይ7 ቢኖርም ቦርዱ ለቢሮ የተሠራ ነው፤ ባዮሱ ምንም አያስነካም። ብዙዎቹም የራሳቸው ልዩ የፓወር ሶኬት ስላላቸው ሳጥኑን ትታችሁ ቦርዱን ብቻ መቀየር ራስ ምታት ነው። ሁለተኛው፣ «ኤክስ99» እየተባሉ ከቻይና የሚመጡ ርካሽ ቦርዶች ከዚዮን ፕሮሰሰር ጋር ናቸው። ስሙ ያማልላል። አብዛኛውን ጊዜ አብረው የሚሸጡት የኢ5-2600 ቤተሰብ ዚዮኖች ግን ማባዣቸው የተቆለፈ ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕሴትም ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሳይሆን ከሌላ አሮጌ ቦርድ የተነቀለ ነው። ለሥራ ይሆናሉ። ለዛሬ ርዕሳችን አይሆኑም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቺፕሴቱ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ጉልበቱ የሚመጣው ቪአርኤም ከሚባለው ክፍል ነው፤ ርካሽ ቦርድ ደግሞ ርካሽ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ተቀንሶለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓወር ሳፕላዩ ለቦርዱ 12 ቮልት ይልካል። ፕሮሰሰሩ ግን የሚፈልገው 1.2 ወይም 1.3 ቮልት አካባቢ ነው። 12ቱን ወደ 1.2 የሚያወርደው ቪአርኤም ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ አምፔሩ ይወጣል። 100 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር በ1.25 ቮልት 80 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ለማነጻጸር፣ 3.5 ኪሎዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት የሚስበው 16 አምፔር ያህል ነው። ዋቱ ሌላ ነገር ነው፣ ምጣዱ በጣም ይበልጣል። ግን በዚያች ጠባብ ቦታ፣ ፕሮሰሰሩ ዳር በተደረደሩት ጥፍር በሚያካክሉ ክፍሎች ውስጥ የምጣዱን አምስት እጥፍ አምፔር ያልፋል።

ኦቨርክሎክ ስናደርግ ደግሞ ይብሳል። ምክንያቱም የኃይል ፍጆታው የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው። ምሳሌ እንስጥ፦ ፕሮሰሰሩን ከ4.2 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ ልትወስዱት ብላችሁ ቮልቴጁን ከ1.2 ወደ 1.35 አሳደጋችሁ እንበል። ፍጥነቱ የጨመረው 7 በመቶ ነው። ፍጆታው ግን 35 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያ ሁሉ የሚያልፈው በቪአርኤሙ ነው፤ ከፊሉም እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ደካማ ቪአርኤም ወዲያው ላይቃጠል ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የባሰ የሚያናድድ ነገር ነው። ቦርዱ ይግላል፣ ራሱን ለማዳን የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ወደ ታች ይጎትታል፣ ጌሙ መሀል ላይ ይንቀጠቀጣል። ለፍጥነት ብላችሁ የነካችሁት ቦርድ ካልነካችሁት ጊዜ በታች ይሮጣል ማለት ነው። ያኔ ሰው ግራፊክስ ካርዱን ይጠረጥራል፣ ዊንዶውሱን ይጭናል፣ ራሙን ይቀይራል።

ታዲያ ሱቅ ቆማችሁ በዓይን ምን ታያላችሁ? የፕሮሰሰሩን ሶኬት ፈልጉና በግራውና በላዩ በኩል ተመልከቱ። የተደረደሩ ጥቋቁር ወይም ግራጫ ኩቦች አሉ፤ እነሱ ጥቅልል ሽቦ የያዙ የቪአርኤሙ አካል ናቸው። ከአጠገባቸው ያሉት ትንንሽ ቺፖች ሞስፌት ይባላሉ፣ የሚግሉት እነሱ ናቸው። ሞስፌቶቹ ላይ ብረት የሙቀት ማብረጃ አለ ወይስ ራቁታቸውን ናቸው? ራቁታቸውን ከሆኑ ቺፕሴቱ ቢ450 ይሁን ቢ550 ለኦቨርክሎክ አትውሰዱት። ማብረጃ ካለ በጣታችሁ ንኩት፤ አንዳንዱ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ክዳን ነው እንጂ ብረት አይደለም። ቀጥሎ ከላይ በግራ ጥግ ያለውን የፕሮሰሰር ፓወር ሶኬት ቁጠሩ። ባለ 8 ቀዳዳ ይሻላል፤ ባለ 4 ከሆነ ፋብሪካው ራሱ ብዙ ኃይል እንደማይጠብቅ ነግሯችኋል።

ኩቦቹን መቁጠር ብቻውን ግን አይበቃም። «12 ፌዝ» ብሎ ካርቶን ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ አንዳንዱ ቦርድ አንዱን መስመር ለሁለት ከፍሎ ነው ቁጥሩን የሚያበዛው። ከመግዛታችሁ በፊት የቦርዱን ሙሉ ስም ከ«ቪአርኤም ሙቀት» ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ለታዋቂ ቦርድ ሁሉ የለካ ሰው አይጠፋም።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። ማብረጃና ፋን የሚሠሩት በአየር ስለሆነ፣ በቆላ ከተማ የተለካ ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ሙቀት እዚህ እኩል ላይሆን ይችላል። ክፍላችን ቀዝቀዝ ማለቱ ያካክሰዋል። አቧራው መልሶ ያበላሸዋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ «ልክ ልኩን ይበቃል» ከሚባል ቦርድ ትንሽ ከፍ ያለውን ውሰዱ።

ሁለተኛው የምናየው ነገር ባዮስ ነው። ይሄን የተማርነው በራሳችን ላይ ደርሶ ነው። አንድ ቢ450 ቦርድ አዲሱን ራይዘን 5 5600 እንዲያውቅ ባዮሱን እያደስን ነበር። ቢ450 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ በ2022 ስለሆነ ሳይታደስ ላያውቀው ይችላል። ጠቋሚው 60 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ዩፒኤስ አልነበረንም። መብራቱ ሲመለስ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ቦርዱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሞተ። ያዳነው አንድ የሞባይልና የላፕቶፕ ጠጋኝ ነው፤ የባዮሱን ቺፕ በክሊፕ ይዞ፣ ትንሽ መሣሪያ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ እንደገና ጻፈበት። የከፈልነው ተመጣጣኝ ነበር፤ ያሳለፍነው ሦስት ቀን ግን አይነሳ።

ከዚያ ወዲህ ቦርድ ስንመርጥ ከኋላ በኩል የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ አለው ወይ ብለን እናያለን። ይሄ ቁልፍ ፕሮሰሰርም ራምም ሳይኖር፣ ፓወርና ፍላሽ ዲስክ ብቻ ተሰክቶ ባዮሱን እንደ አዲስ ይጽፋል። አሱስ ባዮስ ፍላሽባክ፣ ጊጋባይት ኪው-ፍላሽ ፕላስ፣ ኤምኤስአይ ፍላሽ ባዮስ በተን ይሉታል። መብራት መሀል ላይ ቢሄድባችሁ እንደገና ትሞክራላችሁ። ሌላ አገር ያለ ገዢ እንደ ተጨማሪ ጌጥ ሊያየው ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን ከአርጂቢ መብራት በፊት የሚታይ ነው።

ስለ ራም አጠር አድርገን እንበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያጣው ፍጥነት እዚህ ነው። 3200 ተብሎ የተገዛ ዲዲአር4 ራም ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚለው ካልተከፈተ በ2133፣ በ2400 ወይም በ2666 ነው የሚሮጠው። ክፈቱት። ደግሞ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ግዙ፤ ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነባል። ይሄን ለማድረግ ኤ520 እንኳ ይበቃል። እንደ ኤች310 ያሉ ዝቅተኛ የኢንቴል ቦርዶች ግን ራሙንም ከ2666 በላይ አያሳልፉም።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ኦቨርክሎክ ምን ያህል ይጠቅማል? እንደ ፕሮሰሰሩ ነው። ራይዘን 5 1600 ከፋብሪካው ቢበዛ 3.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ ጥሩ ቦርድ ላይ ሁሉንም ኮር 3.8 እና 3.9 ማድረስ የተለመደ ስለሆነ ልዩነቱ ይታያል። አዲሱ ራይዘን 5 5600 ግን ራሱ እስከ 4.4 ስለሚወጣ የሚቀርለት ትንሽ ነው። ለሱ ማባዣዋን በእጅ ከመንካት ይልቅ ፒቢኦ የሚባለውን ከፍታችሁ፣ ከርቭ ኦፕቲማይዘር በሚለው ቮልቴጁን ቀነስ ማድረግ የተሻለ ነው። ፕሮሰሰሩ ቀዝቀዝ ብሎ በራሱ ከፍ ይላል። ጌም ላይ ብዙ ጊዜ የሚይዛችሁ ግን ግራፊክስ ካርዱ ነው። ስለዚህ ኦቨርክሎክ ለማድረግ ስትሉ ግራፊክስ ካርዱን ዝቅ ካደረጋችሁ በእኛ ግምት ከስራችኋል።

እሺ፣ በእጃችን ብር ቢኖር ምን እንገዛ ነበር? ፕሮሰሰራችሁ ራይዘን 1000 ወይም 2000 ከሆነ ቢ450። ቢ550 እነዚህን በይፋ ስለማይቀበል «አዲስ ነው» ብላችሁ እንዳትወስዱ። ከቢ450ዎቹ የኤምኤስአይ ቢ450 ቶማሃውክ ማክስ ለዓመታት ሲመሰገን የኖረ ነው፤ ማብረጃም የፍላሽ ቁልፍም አለው፤ ያገለገለው ከተገኘ አትለፉት። ፕሮሰሰራችሁ 3600 ወይም 5600 ከሆነና ግራፊክስ ካርዳችሁ አዲስ ከሆነ ቢ550። ቢ550 ፒሲአይ 4.0 ስላለው እንደ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ያሉ በአራት መስመር ብቻ የሚገናኙ ካርዶች ቢ450 ላይ የሚያጡትን ፍጥነት አያጡም። እዚህ ክፍል ውስጥ የኤምኤስአይ ቢ550-ኤ ፕሮ ላይ ዓይናችን ይቀራል፤ ጌጥ የለውም፣ ቪአርኤሙ ግን ከዋጋው በላይ ነው። ኢንቴል ካላችሁና ኬ ከሌለው፣ ኦቨርክሎኩን እርሱት። ለ12400ኤፍ ቢ660 ወስዳችሁ ራሙን ፈጠን አድርጉት፣ ይበቃል።

ያገለገለ ከሆነ ሳታስነሱ አትክፈሉ። ኢንቴል ቦርድ ላይ ሶኬቱ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መርፌዎች በስልካችሁ መብራት አድርጋችሁ በጎን በኩል እዩ፤ አንዷ ከተጣመመች መስመሩ ይዛባል። ኤኤም4 ላይ መርፌዎቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ስለዚህ ፋኑን ስትነቅሉ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ አትሳቡት፤ ቅባቱ ስለሚይዘው ፕሮሰሰሩን ከነመርፌው ይዞት ይወጣል። ኮምፒውተሩን ትንሽ አሙቁትና ዘወር ዘወር እያደረጋችሁ አላቁት። የራም ቦታዎቹን ሁሉንም አንድ በአንድ ሞክሩ። ሻጩ ከፈቀደ ሲንቤንች ለአሥር ደቂቃ አስኪዱና ኤችደብልዩኢንፎ ላይ የቪአርኤሙን ሙቀት እዩ፣ ቦርዱ መለኪያ ካለው። እኛ 90 ዲግሪ ድረስ ዝም እንላለን። 100 ካለፈ ቦርዱን እንመልሳለን። «ለምን አሥር ደቂቃ ታስጠብቁኛላችሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

ልጁን ግን ምን አልነው መሰላችሁ? «ኤች310ህን አትንካው፣ ፕሮሰሰሩ ያለ ኦቨርክሎክም በራሱ እስከ 4.6 ይወጣል፣ የቀረህን ብር ለግራፊክስ ካርድ አቆይ» አልነው። አመሰገነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቦርዱን ሸጦ ያገለገለ ዜድ390 እንዳገኘ ጻፈልን። ማብረጃውን በጣቱ ነክቶ፣ መርፌዎቹን በስልኩ መብራት አይቶ ነው የገዛው። ባለፈው እሑድ ሁሉም ኮሮች 4.8 ላይ ቆመው የሚያሳይ ፎቶ ልኮልናል። ግራፊክስ ካርዱ አሁንም ያው አሮጌው ነው።